የፊልም ጥያቄና መልስ፦ የፍቅር ፊልም ነው ወይስ የድህነት?

ጥያቄ፦ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» የሚለውን የሶማልኛ ፊልም ከባለቤቴ ጋር አየን። እሱ «ይሄ የድህነት ፊልም ነው» አለኝ፤ እኔ ደግሞ የፍቅር ፊልም ነው ብዬ ሞገትኩት። ለመሆኑ የቱ ነው? ደግሞስ ታሪኩ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ እየሆነ ለምን የሶማሊያ ፊልም ይባላል?

መልስ፦ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ባለቤትዎ እንደዚያ ያሉበት ምክንያት ግን ይገባኛል። የፊልሙ ባለታሪክ ጉሌድ አካፋውን ይዞ ከባልደረቦቹ ጋር ሆስፒታል ደጅ ሰው እስኪሞት የሚጠብቅ ሰው ነው። በእስልምና ሬሳ ሳይውል ሳያድር ስለሚቀበር ሥራ የሚገኘው እዚያው በር ላይ ነው። ሚስቱ ናስራ ኩላሊቷን ታማለች፤ የቀዶ ሕክምናው ዋጋ 5,000 ዶላር ነው። በጅቡቲ ፍራንክ ሲመነዘር ወደ 888,000 ይጠጋል። ከቀን ቀብር የሚኖር ሰው ይህን ከየት ያመጣል?

ግን እነዚያን ባልና ሚስት እስቲ መልሰው ያስቧቸው። አብዛኛው የፍቅር ፊልም ሁለቱ ሲጋቡ ያልቃል፤ ይህኛው ከተጋቡ፣ ልጅ ካሳደጉ፣ ከታመሙ በኋላ ይጀምራል። አሁንም ይላፋሉ፣ ይቀላለዳሉ። ለብሰው አጊጠው ያልተጠሩበት ሠርግ የሚገቡበትን ክፍል ያስታውሱታል? እኔ ከፊልሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ናስራ እዚያ በሽተኛ አይደለችም፤ ባሏ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሊነቅል ያልቻለ ቆንጆ ሴት ናት። ዳይሬክተሩ ድሆቹን እንድናዝንላቸው ብቻ ቢፈልግ ኖሮ ያንን ሠርግ ምን ያደርግለታል? ልብሱንም ልብ ብለው ይዩት፤ ቀለሙ የደመቀ ነው። ካሜራው ሰዎቹን የሚያያቸው በአክብሮት ነው።

ባለቤትዎን የሚረቱበት ነጥብ ግን የእግር ጉዞው ነው። ናስራ ለሌላ ሰው ታጭታ ነበር፤ ከጉሌድ ጋር የጠፉት የሽማግሌዎችን ቃል ጥሰው ነው። በአርብቶ አደር ዘንድ ሀብት ማለት መንጋ ነው፤ ከዘመድ ተቆርጦ የሄደ ሰው ከመንጋውም ተቆርጧል። እንግዲህ ጉሌድ ለሕክምናው ገንዘብ እንዲሆነው ፍየሎቹን ስጡኝ ሊል ያንን ደረቅ ምድር በእግሩ አቋርጦ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ያኔ ለናስራ ብሎ ጥሎት የሄደውን ዛሬ ለናስራ ብሎ ሊለምን ነው። ድህነቱ መንገድ ላይ አወጣው እንጂ የሚያራምደው ፍቅሩ ነው። መጨረሻውን ያላዩ አንባቢዎች ስላሉ እዚህ ላቁም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ቀረጻው ጅቡቲ ነው፤ ገንዘቡ ከፊንላንድ፣ ከፈረንሳይና ከጀርመን ነው። ዳይሬክተሩ ካደር አይደሩስ አህመድ ሞቃዲሾ ተወልዶ በጉርምስናው ፊንላንድ የገባ ነው። ሐሳቡም የመጣለት እዚያው፣ ቤተሰቡ ሐዘን ላይ ተቀምጦ የቀብር ነገር ሲያስቸግራቸው ነው። ጉሌድን የሚጫወተው ኦማር አብዲ፣ ናስራን ደግሞ በሞዴልነት ስሟ የታወቀው ያስሚን ዋርሳሜ ናት። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ2021 ፊልሙን ለኦስካር ውድድር ላከችው፤ በታሪኳ የመጀመሪያዋ ነበር። ለመጨረሻው ዕጩነት ባይደርስም፣ በዚያው ዓመት በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የፌስፓኮ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ አግኝቷል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2009 የወሰደው ያንኑ ነው። ስለዚህ የሶማሊያ ፊልም ነው ብለው ቢናገሩ አልተሳሳቱም። ቋንቋው፣ ቀልዱ፣ የሽማግሌዎቹ ቁጣ፣ ሁሉም የሶማሌ ነው፤ ጅቡቲም ያንኑ ቋንቋ ይናገራል።

ጥያቄ፦ ሶማሊያ ውስጥ ፊልም የሚታይበት ቦታ አለ?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ከ1991 የእርስ በርስ ጦርነት በፊት ሞቃዲሾ ሲኒማ ቤት የሞላባት ከተማ ነበረች። ቻይና በስጦታ የሠራችው ብሔራዊ ቴአትር በ1967 ተከፈተ፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ግን የታጣቂዎች ሰፈር ሆነ። በ2012 ታድሶ በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ አጥፍቶ ጠፊ ገብቶ ሰው ገደለበት። ከሰላሳ ዓመት በኋላ ለሕዝብ ፊልም የታየበት መስከረም 2021 ላይ ነው፤ በጠባቂ ወታደሮች መሐል ሁለት የሶማሌ አጫጭር ፊልሞች ቀረቡ። መግቢያው 10 ዶላር ነበር። ለብዙው የከተማዋ ነዋሪ ከባድ ዋጋ ነው፤ ቢሆንም ሰው ከፍሎ ገብቷል። ጉሌድና ናስራንም እዚያው አዳራሽ፣ በገዛ ቋንቋቸው በሚስቅ ተመልካች ፊት ባያቸው በጣም ደስ ይለኛል።