የአንባቢያን ጥያቄ፦ ነጩ ሳቢሳ ለምን የተሰጣ ነጠላ መሰለብኝ?

ባለፈው የወፍና የባሕር ፎቶ ላይ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ አቦ ላካችሁ እኮ! ለዛሬ ሦስቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ ምክንያቱም የብዙዎቻችሁ ችግር እሱ ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ የድሮ ባቡር ሠራተኛ ነኝ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ልጄ ካኖን ካሜራና እስከ 300 ሚሊሜትር የሚስብ ሌንስ ገዝታልኝ ጅቡቲ እህቴ ጋ ሄጄ ሦስት ቀን ባሕሩ ዳር ወፍ ሳነሳ ከረምኩ። ነጫጮቹ ላይ ላባ የሚባል ነገር አይታይም፣ ነጭ ብቻ ነው። ራቅ ያሉት ደሞ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይንቀጠቀጣሉ፣ ስልኬ ላይ በአፕ ሻርፕ ባደርጋቸው ባሰባቸው። ሌንሱ ተበላሽቶ ይሆን? ደሞስ እንዴት ልቅረባቸው? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ጋሼ፣ አንቱ ልል ነበር ግን የድሬ ሰው አንቱ ሲሉት እንደሚቀየም ስለማውቅ አንተ ልበልህ። ሌንስህ ጤነኛ ነው፣ ለጥገና ብለህ ብር እንዳታወጣ።

ከነጩ እንጀምር። ካሜራው ወፍ አያውቅም፣ የሚያየው ጠቆር ያለ ሰፊ ውሃ ነው፣ ስለዚህ «ጨለማ ነው» ብሎ ሁሉንም ያበራዋል፣ መሀል ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ሳቢሳ ኦቨር (ከልክ በላይ የበራች) ሆና ታርፋለች። ፕላስና ማይነስ ያለባትን ቁልፍ ይዘህ ወደ ማይነስ 1 አውርደው፣ ምስሉ ጠቆር ይበል ግድ የለም፣ ጨለማ በኤዲቲንግ ይነሳል፣ ሙሉ ለሙሉ የነጣ ላባ ግን ከየትም አይመጣም ምክንያቱም እዛ ቦታ ላይ ካሜራው የያዘው ነገር የለም። ወፏ ቀርባህ ፍሬሙን ከሞላችው ደሞ ግልባጩ ነው፣ ያኔ ካሜራው ያጨልማታል፣ ትንሽ ፕላስ ስጣት። ከጄፔግ (ካሜራው ራሱ ጨምቆ ከሚሰጥህ ፋይል) ይልቅ በሮው (የያዘውን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት) አንሳ፣ ካርድ ይበላል ግን ለማስተካከል ብዙ ቦታ ይተውልሃል።

አሁን መንቀጥቀጡ። የላክልኝን ፋይሎች ሰዓት አየሁት፣ ብዙዎቹ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ የተነሱ ናቸው። እስቲ በቀትር የድሬን አስፋልት አስበው፣ ከሩቅ የሚመጣ ባጃጅ ጎማው መሬት ሳይነካ የሚጨፍር አይመስልም? ያው እሱ ነው። ባሕሩ ዳርም ጭቃው ይግላል፣ ከላዩ ያለው አየር አንዱ ሙቅ አንዱ ቀዝቀዝ ያለ ይሆናል፣ ብርሃኑ እሱን አልፎ ሲመጣ ይጣመማል። ሻርፕ ስታደርገው የተጣመመውን ነው የምታጎላው፣ ለዛ ነው የባሰበት። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ጨርስ፣ ከዛ ሂድና ቁርስህን ብላ።

«እንዴት ልቅረባቸው» ላልከው ደሞ አትቅረባቸው፣ እነሱ ይመጣሉ። ባሕሩ ሲሸሽ ትል እና ሸርጣን ያለበት ጭቃ ስለሚገለጥ ወፎቹ ተከትለውት ርቀው ይሄዳሉ፣ ውሃው ሲመለስ ግን ራሱ እየገፋ ወደ ዳር ያመጣቸዋል። ውሃው ከመሙላቱ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ዝቅ ብለህ ቁጭ በል፣ ካሜራው ከወፏ ዓይን እኩል ቢሆን ነው የሚያምረው። ሙሉ ጨረቃ ሰሞን እና አዲስ ጨረቃ ስትወለድ ባሕሩ ይበልጥ ርቆ ይሸሻል፣ ይበልጥም ይሞላል። አንተ ጎረቤትህን ዛሬ በሂጅራ ስንት ነው ብለህ መጠየቅ ትችላለህ፣ 14 ወይ 15 ካለህ ጨረቃዋ ሞልታለች ማለት ነው፣ ሻንጣህን አዘጋጅ።

እኔ ራሴ እዛው ጅቡቲ የሠራሁትን ጅልነት ልንገርህ። ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አሳድሬ ጠዋት በቀጥታ ይዤው ወጣሁ። ክራብ ፕሎቨር የሚሏት ወፍ አለች፣ ጥቁርና ነጭ፣ እግሯ ረጅም፣ ምንቃሯ ወፍራም፣ ሸርጣን በልታ የምታድር፣ እንደሌሎቹ የባሕር ዳር ወፎች መሬት ላይ ሳይሆን አሸዋ ቆፍራ ጉድጓድ ውስጥ የምትፈለፍል። አሥራ ምናምን ሆነው እፊቴ ቆመዋል። ሌንሱ በጉም ተሸፈነ፣ በሸሚዜ ጠረግኩት፣ ተመልሶ ጉም፣ ደግሜ ጠረግኩት፣ ቀና ስል በረዋል። ቀዝቃዛ መስታወት እርጥብ አየር ሲነካው እንዲህ ነው። በተዘጋ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ግማሽ ሰዓት ውጭ አቆየውና ከዛ ክፈተው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን «አትብላ» የሚል የተጻፈባት እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣላት፣ ቦርሳው ውስጥ ወርውራት። ማታ ደሞ ካሜራውን በትንሽ እርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨው ብረት ይበላል። ሌንስ አሸዋ ላይ አይቀየርም! ወደብ፣ ኤርፖርት እና ወታደር ያለበት አካባቢም ካሜራህን አታውጣ፣ እዛ ክልክል ነው፣ ወፍ ነው ያነሳሁት ብትል ማንም አይሰማህም።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ ሰርግ ሄጄ የፍላሚንጎና የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ አንስቼ ኤዲት አድርጌ ለጠፍኩ፣ ሰው ሁሉ ፌክ ነው አለኝ። ኤዲት ማድረግ ውሸት ነው እንዴ? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ እህቴ፣ ኤዲቲንግ ውሸት አይደለም፣ ያንቺ ፍላሚንጎ ግን በርበሬ ውስጥ የወደቀች ነው የምትመስለው። ትልቁ የፍላሚንጎ ዓይነት ሲቆም ከሩቅ ነጭ ቢጤ ነው፣ ደማቁ ቀይ ክንፉ ላይ ነው ያለው፣ ሲዘረጋው ነው በደንብ የሚታየው። ሮዙም የሚመጣው ከሚበላው ነገር ነው እንጂ ከሳቹሬሽን (ከቀለም ማድመቂያው) አይደለም። እኔ ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ መጀመሪያ የባሕሩን መስመር ቀጥ አደርጋለሁ (ያንቺ ባሕር ወደ ግራ ሊፈስ ነው)፣ ከዛ ክሮፕ (ጠርዙን መቁረጥ)፣ ከዛ ሃይላይት (የበራው ክፍል) ዝቅ፣ ሻዶው (የጨለመው) ትንሽ ከፍ፣ ቀለም መጨረሻ ላይ፣ እሱም ቫይብራንስ (ይበልጥ የደበዘዘውን ቀለም የሚያደምቀው) ብቻ በጥቂቱ። ክሮፕ ላይም አትጨክኚ፣ የ24 ሜጋፒክስል ፎቶ ወርዱንም ቁመቱንም በግማሽ ብትቆርጪው የሚቀርሽ 6 ነው። ስክሪንሽን ሙሉ አብርተሽ በሌሊት ኤዲት አታድርጊ፣ አሳድሪውና ጠዋት እዪው፣ ራስሽ ታፍሪበታለሽ። ጭቃው ላይ ያለውን ፌስታል ማጥፋትሽን አየሁ፣ እኔ ብሆን እተወው ነበር፣ እዛው ነበረላ። ያልነበረች ጨረቃ መጨመር ግን... እሱን ተይው።

ጥያቄ፦ ጅቡቲ የምሄድበት ብር የለኝም፣ የት ልለማመድ? (ከአራተኛ፣ ሐረር)

መልስ፦ አንተ እኮ ቤትህ በር ላይ አለልህ! ጀጎል ውስጥ ግድር መጋላ ሥጋ ተራ ሂድ፣ ጭልፊቶቹ ሥጋ ለመንጠቅ ከላይ ሲወርዱ ማንሳት ከቻልክ የባሕር ወፍ አይከብድህም። ሹተሩን (የማንሻ ፍጥነቱን) 1/2000 ሰከንድ አድርግ፣ ፎከሱን የሚንቀሳቀስ ነገር የሚከተለው ላይ፣ ዓይንህን ከወፏ ሳይሆን ከሥጋው አትንቀል፣ የምትመጣው እሱ ጋ ነው። ሥጋ ሻጩን ግን መጀመሪያ አስፈቅድ። የረጋ ውሃ ከፈለግክ ደርቆ የነበረው ሐረማያ ሐይቅ ውሃው ተመልሷል፣ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ውጣ፣ ጃኬት ያዝ፣ እዛ እንደ ድሬ አይደለም።