የደብር ገቢና ወጪ ለምእመናን እንዴት ይገለጽ? ጥያቄና መልስ

በአንድ ደብር ሰበካ ጉባኤ ውስጥ በሒሳብና በቁጥጥር ሥራ ለብዙ ዓመታት ስላገለገልሁ፣ ስለ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የገንዘብ አያያዝ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው ግን በዐውደ ምሕረት የተነበበ ጠቅላላ ድምር ብቻውን ሪፖርት እንዳልሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ደብሩ ሒሳቡን እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው ማን ነው?

መልስ፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 398 ለቤተ ክርስቲያኒቱ የሕግ ሰውነት ሰጥቷታል፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም። ስለዚህ ግዴታው በዋናነት የሚመነጨው ከራሷ ሕግ፣ የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ ከሆነው ከቃለ ዐዋዲው ነው።

ጥያቄ፦ አባቶቻችን ይህን አይጠይቁም ነበር፤ ዛሬ ከየት መጣ?

መልስ፦ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ቤተ ክርስቲያኒቱ በመንግሥት የምትደገፍ ነበረች፤ መተዳደሪያዋም በአብዛኛው መሬት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የካህናቱ ኑሮና የሕንፃው ጥገና በምእመናን ዐሥራት፣ ስእለትና ምጽዋት ላይ ወደቀ። ሰጪው ሲለወጥ ሒሳቡን የመስማት መብት ያለውም አብሮ ተለወጠ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ የት ነው የሚገባው?

መልስ፦ የትኛው ገንዘብ? የየትኛው ዓመት? ለይተው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ምን መታየት አለበት?

መልስ፦ ዋናው ነገር ይህ ነው። እኛ ዘንድ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በአስተዳዳሪው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱ በምእመናን ተወካይ እጅ ይቀመጥ ስለነበር ሦስቱ ካልተገኙ አይከፈትም። የተጨማደደው ብር በጠረጴዛ ላይ እየተዘረጋ በየዓይነቱ ይታሰራል፤ ሳንቲሙ ለብቻው ይቆጠራል፤ ድምሩ በፊደልና በአኃዝ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ሁሉም ይፈርሙበታል፤ ገንዘቡም በዚያው ቀን ባንክ ይገባል። አንድ ጊዜ ቆጠራው ስለመሸ ገንዘቡ በመሥሪያ ክፍሉ አደረ፤ በማግሥቱ ጎደለ፤ ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ በቆጠራው የነበሩ ንጹሓን ሁሉ ግን ለዓመታት ተጠረጠሩ። ስለዚህ ቆጠራ በጠዋት ይጀመር፤ የባንኩ ደረሰኝም ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ።

አንድ አባል፦ «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» ተብሎ የለምን? ምጽዋት በአደባባይ መቆጠሩ ለሐሜት ይዳርጋል።

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ቃሉ የተነገረው ለሚሰጥ እንጂ ለሚያስቀምጥ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈው ሌሎች ወንድሞች አብረው እንዲላኩ አድርጓል።

የመጀመሪያው አባል፦ ያ ዘመንና የእኛ ዘመን አንድ አይደለም፤ ዛሬ የሚያዳምጠው ወዳጅ ብቻ አይደለም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ወደ ጥያቄው ተመለሱ። የሰጪው ስም አይነበብ፤ የገባውና የወጣው ግን በየርእሱ ይነበብ።

ጥያቄ፦ የካህናት የደመወዝ እርከን ስንት ነው?

መልስ፦ ይህን የሀገረ ስብከቱን የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በስእለት የሚገባው ወርቅ፣ ጥላና መጋረጃስ?

መልስ፦ ወርቁ ተመዝኖ፣ ሌላው ተቆጥሮ በንብረት መዝገብ ይግባ። በጨረታ ከተሸጠ የገዢው ደረሰኝና የዕቃው መዝገብ ቁጥር በአንድ መስመር ይጻፉ፤ ይህ ካልሆነ ጥላው ሁለት ጊዜ ይሸጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ደብራችን ዘንድሮ ጠቅላላ ገቢውን በዐውደ ምሕረት አስነብቧል፤ ይህ በቂ አይደለምን?

መልስ፦ ሲጀመር መልሼዋለሁ፤ ድምር ብቻውን ሪፖርት አይደለም። ስንቱ ከሙዳየ ምጽዋት፣ ስንቱ ከኪራይ፣ ስንቱ ከስእለት ተገኘ? ወጪውስ በየትኛው ውሳኔ ወጣ?

ጥያቄ፦ ወደ ሀገረ ስብከት የሚላከው የመቶኛ ድርሻስ እንዴት ይረጋገጣል?

መልስ፦ ደብሩ «ላክሁ» ያለው ሀገረ ስብከቱ «ተቀበልሁ» ካለው ጋር ይመሳከር። ሁለቱ አኃዞች በአንድ ሰነድ ጎን ለጎን ታትመው ቢወጡ፣ ልዩነቱን ማንኛውም ማንበብ የሚችል ምእመን ራሱ ያገኘዋል።