ለጋሪ ፈረስ ዕቃ የትኛው የስፌት መኪና ይሻላል?

ወንድሜ፣ ድሬ ላይ የጋሪ ፈረስ ልጓምና ዛብ ለመስፋት ረከስ ያለ መኪና ጠይቀሃል። አቦ፣ የቤቱን ባለ ፔዳል እርሳው! ድርብ ቆዳ ቢወጋልህም ወፍራሙን ክር አያጠብቅም። ጫማ ሰፊዎች የሚይዟት በእጅ የምትዞር የቻይና መኪና ርካሽ ናት፤ ለጥገና ሸጋ ናት። ረጅም ዛብ ላይ ግን የታችኛው ክር ቶሎ ቶሎ ያልቃል።

አቅምህ ከፈቀደ ያገለገለ፣ እግሩ ከመርፌው ጋር የሚራመድ መኪና ፈልግ፤ እንደ ጁኪ 1541 ያለ። የላይና የታች ቆዳው እኩል ይሄዳል። ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ጠይቅ፤ ማን ሊሸጥ እንዳሰበ እነሱ ይሰማሉ። ስትሄድ የራስህን ቆዳና ክር ያዝ። ደርበህ አሰፋው፣ ገልብጠህም እይ። ከሥር ክሩ ከተንዘላዘለ ወይም ስፌት ከዘለለ ዋጋው አያጓጓህ።

ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ ናይሎን በድሬ ፀሐይ ቶሎ ይደክማል። ለቆዳ ጫፉ ስለታም መርፌ፣ ለጨርቅ ጠፍር ደግሞ ክብ ጫፍ ያለው ግዛ፤ አለዚያ ድሩን ይቆራርጠዋል። መኪናው ሰርቮ ሞተር (ፍጥነቱን እንደፈለግክ የምትቀንሰው ሞተር) ካለው እሰየው፣ ቀስ ብሎ ይወጋል።

ከ1 ሴንቲ ሜትር የወፈረውንና ቀለበቱ የሚያያዝበትን ግን በወስፌ፣ በእጅህ ስፋው።