ጥያቄና መልስ፦ መንገድ ላይ ሌላ ውሻ ሲያይ የሚያብድ ውሻ

እሺ፣ መጥቻለሁ። ዛሬ የምመልሰው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብራችሁት ስትወጡ ሌላ ውሻ ሲያይ ስለሚጮኸው፣ ስለሚጎትተውና ስለሚዘለው ውሻ። ስትጠይቁ ዕድሜውን፣ ከምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚጀምረውና መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ጻፉልኝ። "ያስቸግራል" ብቻ ካላችሁኝ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ውሻዬ በጣም ያስቸግራል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ሌላ ውሻ ሲያይ ይጮሃል ማለቴ ነው።

መልስ፦ ከስንት እርምጃ ላይ? ካልቆጠርክ ቆጥረህ ተመለስ።

ጥያቄ፦ የኔዋ ሁለት ዓመቷ ነው። 30 እርምጃ ላይ ዝም ብላ ታያለች። 15 ላይ ስንደርስ የጀርባዋ ጸጉር ይቆማል፣ አፏን ትዘጋለች፣ ከዚያ ጩኸት ነው። "ቁጭ በይ" ብላት አትሰማኝም። ቤት ውስጥ ግን ጎበዝ ናት።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። መልሱንም ራስሽ ጽፈሽዋል። 30 ላይ ማሰብ ትችላለች፣ 15 ላይ አትችልም። አልሰማ ብላ አይደለም፤ ደንግጣ ነው። ስለዚህ "ቁጭ በይ"ን ለጊዜው ተዪው። የሚያስፈራት ነገር እየመጣ ቁጭ በይ ማለት ለብዙ ውሾች እንደ መታሰር ነው።

ከ35 እርምጃ ጀምሪ። የምትወደውን ምግብ በጣም አነስ አነስ አድርገሽ ቁረጪ። ሌላውን ውሻ ስታይ ወዲያው አጉርሻት፤ ውሻው እስካለ ድረስ ጉርሻው ይቀጥላል፣ ሲሄድ ይቆማል። ቅደም ተከተሉን አደራ! ውሻው መጀመሪያ፣ ጉርሻው በኋላ። በውሾች ላይ ሙከራ ያደረገው የሩሲያው ሳይንቲስት ፓቭሎቭም ድምፁን ያሰማ የነበረው ከምግቡ በፊት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ገና ውሻ ከሩቅ ሲያይ እጁን ኪሱ ይከታል፣ ውሻውም "ምግብ ከወጣማ አንድ የሚያስፈራ ነገር እየመጣ ነው" ብሎ ይማራል፣ ከዚያ ምግብ ሲያይ መደንገጥ ይጀምራል። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሌላውን ውሻ አይታ "የታለ?" እንደሚል ሰው ወዳንቺ ዞር ትላለች። ያኔ ሁለት እርምጃ ቅረቢ። ሁለት ነው ያልኩት፣ አሥር አይደለም። መብላት እምቢ ካለች ወይም ጣትሽን ጭምር ልትነጥቅ ከሆነ ቀርበሻል፤ ወደኋላ ተመለሺ። ገመዱን ደግሞ አትጎትቺ።

አንድ አባል፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ይሄ ማሞላቀቅ ነው። ውሻ ጌታው ማን እንደሆነ ካላወቀ አይሆንም። ገመዱን አንዴ ሸምቀቅ ስታደርግበት ዝም ይላል፣ አለቀ።

ሌላ አባል፦ የኔን ያበላሸሁት እንደዛ ነው። ባጉረመረመ ቁጥር ስጎትተው ማጉረምረሙን ተወ። ከዚያ አንድ ቀን ድምፅ ሳያሰማ ነከሰ።

አንድ አባል፦ አንተ አጎታተቱን ስላላወቅክበት ነዋ።

ሦስተኛ አባል፦ ቆይ፣ የሚጮህ ውሻ አይናከስም ይባል የለ እንዴ?

መልስ፦ ይባላል፤ የተነከሰ ሰው ጠይቅ። አሁን ስለ "ጌታው" ነገር። ይሄ አባባል በአብዛኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1947 ሩዶልፍ ሼንከል በግቢ ውስጥ ስለታጎሩ ተኩላዎች ካሳተመው ጥናት ነው። የማይተዋወቁ ተኩላዎችን አንድ ላይ ስትዘጋባቸው ይጣላሉ። ዱር ውስጥ ያለው መንጋ ግን ባብዛኛው እናት፣ አባትና ልጆች ነው። የ"ጌታው"ን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሜክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ይህንኑ ጽፏል። ደግሞስ ውሻህ ሌላ ውሻ አይቶ ሲጮህ ሥልጣንህን እየተቀናቀነ ነው? ፈርቶ ነው። ሌላ ውሻ በታየው ቁጥር አንገቱን ካመመው ውሻና ሕመም አብረው ይመጣሉ ብሎ ይይዘዋል። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ከቀጣኸው ፍርሃቱ ይቀራል፣ ድምፁ ይጠፋል። የነከሰውን ውሻ የያዝከው ወንድሜ፣ የአፍ መሸፈኛ ቤት ውስጥ ቀስ ብለህ አልምደው፣ ያለ እሱ አታውጣው። በዚህ ጉዳይ ሌላ ክርክር አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ማሰሪያ ይሻላል?

መልስ፦ ደረቱ ላይ የሚታሰር፣ ሁለት ሜትር ገደማ ገመድ ያለው። እየተጠቀለለ የሚረዝም የሚያጥረውን ተዉት።

ጥያቄ፦ ማኮላሸትስ?

መልስ፦ ሐኪም ጠይቅ። ከፍርሃት ለሚመጣ ጩኸት ግን ብዙ ተስፋ አትጣልበት።

ጥያቄ፦ የኔ ውሻ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሰላማዊ ነበር። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ውሻ ሲጠጋው ይቆጣል።

መልስ፦ ሥልጠናውን እርሳውና መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰደው። ድንገት የተለወጠ ውሻ የሚያመው ነገር ሊኖር ይችላል፤ መገጣጠሚያ፣ ጥርስ፣ ጆሮ። የሚያመውን ውሻ በጉርሻ አታሠለጥነውም።

ጥያቄ፦ የኔው ግን ውሻ ይወዳል! ተፈትቶ ሲሆን ይጫወታል፣ ገመድ ላይ ሲሆን ግን እየጮኸ ይጎትተኛል። ያው ፍርሃት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ይሄ ጉጉት ነው። ልድረስ ሲል ተከለከለ፣ ተናደደ። ርቀቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ፣ ገመድ ላይ ሆኖ ካየው ውሻ ሁሉ ጋር ሰላም መባባሉን ማስቀረት አለብሽ። አንዴ ጎትቶ ከደረሰ መጎተት እንደሚሠራ ተማረ ማለት ነው። አይቶ ማለፍ ነው የሚለማመደው።

ጥያቄ፦ ጥግ ስንዞር ድንገት ፊት ለፊት ብንገናኝስ?

መልስ፦ ዞራችሁ ሂዱ። ለዚህ አንድ ቃል ይኑራችሁ፣ ለምሳሌ "ዞር"። ቤት ውስጥ፣ ምንም በሌለበት፣ ቃሉን በሉና አብሯችሁ ሲዞር አጉርሱት። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ካለ ከጀርባው ግቡ። እንደዛ ደንግጦ ከዋለ በዚያው ቀን ልምምድ የለም። ድንጋጤ ይጠራቀማል፤ ጠዋት 30 እርምጃ የበቃው ውሻ ማታ 50ም ላይበቃው ይችላል። እንዲያሸት ተዉት፣ ማሽተት ያረጋጋዋል።

ጥያቄ፦ ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ብይዘውስ?

መልስ፦ ኧረ በፈጣሪ! አትጎትቱ አልኩ፣ ጠበቅ ማድረግም ያው ነው። ሌላ ውሻ ባየህ ቁጥር ገመዱ ከጠበቀ፣ መጥበቁ ራሱ "ተጠንቀቅ" የሚል ምልክት ይሆንበታል። ላላ አድርገህ ያዝ። ላላ ስታደርግ የሚያመልጥህ ከሆነ በጣም ቀርበሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። ቆጠርኩ፣ 22 እርምጃ ላይ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ ከንፈሩን ይልሳል፣ ከዚያ ባለበት ድርቅ ይላል፣ ከዚያ ይጮሃል። ሦስት ዓመቱ ነው።

መልስ፦ አየህ፣ ትችላለህ። ከ27 ጀምር። ከንፈሩን ሲልስ ካየህ አንድ ሁለት እርምጃ ወደኋላ፤ ጩኸቱን አትጠብቅ። ሌላውን ከላይ ለእህታችን ጽፌዋለሁ፣ ሁለተኛ አልጽፈውም።