ልጄ «ቤት ልማርና አሣ ልነግድ» ይለኛል

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ አለኝ። ክረምቱን ከሐይቁ ዳር ቆረሶ የሚባለውን አሣ እየተረከበ፣ አጥንቱን አውጥቶ ለሁለት ምግብ ቤቶች ሲያቀርብ ከርሞ፣ አሁን «10ኛ ክፍልን ቤት ሆኜ ልማር፣ ቀኑን ለንግዴ ላውለው» ይለኛል። አባቱ ተቆጥቷል፤ እኔ ግን ሲደክም አይቼዋለሁና እምቢ ለማለት ልቤ አልጨከነም። ምን ይመክሩኛል?
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እሺም እምቢም ከማለትዎ በፊት ባለፈው ወር ስንት ብር እንዳተረፈ ይጠይቁት። ጀማሪ ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ የሚለው እጁ የገባውን ገንዘብ ሁሉ ነው። ቆረሶ ቆዳው ተገፎ፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ሲወጣ ከ3 ኪሎው የሚተርፈው ሥጋ 1 ኪሎ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ኪሎ ሥጋ አሣውን በገዛበት ዋጋ ሦስት እጥፍ ቢሸጠው እንኳ የገዛበትን መለሰ እንጂ ገና አላተረፈም። በረዶው፣ የባጃጁ ሒሳብና ሳይሸጥ አድሮ የተበላሸው ከዚያ በላይ ይታሰባል። ይህን በደብተር ጽፎ ለአባቱ ያሳይ።

ቤት ተቀምጦ ቢያነብ እውቀቱን ማንም አይነሳውም። ይሁንና ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ነው፤ እስከዚያ ድረስ በየክፍሉ ማለፉን የሚያሳየውን ማስረጃ ደግሞ እናት ልትጽፍለት አትችልም። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ባያስወጡት እመርጣለሁ። ማታ የተጣለ መረብ የሚወጣው ጠዋት በመሆኑ፣ ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ የከሰዓቱ ፈረቃ ለእርሱ ሥራ የተመቸ ነው፤ ካልሆነም የማታ ትምህርት አለ።

ዕድሜው 18 ስላልሞላ የንግድ ፈቃዱ በወላጅ ስም ይሁን፤ ከምግብ ቤቶቹ ጋር የሚደረገውንም ውል እርስዎ ወይም አባቱ ይፈርሙ። ጓደኛ ልቅጠር ካለ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ሊሠራ አይገባም።

አንድ ነገር ልጨምር። በፍልሰታ ጾም አሣ የሚበላው ሰው ይበዛል (ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው)፤ ስለዚህ የነሐሴን ገበያ ብቻ አይቶ ዓመቱን እንዳይገምት፣ የመስከረምንና የጥቅምትን ሒሳብ ዘግቶ ካመጣ በኋላ ሦስታችሁም ደብተሩን ይዛችሁ ተነጋገሩ።