መሐላዬን አፍርሼ እንዴት ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?

«ሐዋሳ ነው የምኖረው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። የስፖርት ውርርድ ይዞኝ የዕቁብ ብር አጠፋሁ። ባለቤቴ ስትደርስበት በገብርኤል ምዬ ተውኩ። ብዙም ሳይቆይ በ50 ብር ጀምሬ ደመወዜን ጨረስኩ። ይሄን እሷ አታውቅም። አሁን ከበር ተሳልሜ እመለሳለሁ፣ ከዚያ የምሄደው ደግሞ ቤቲንግ ቤት ነው። የንስሐ አባቴን ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። እንቅልፍ የለኝም። እግዚአብሔር ተስፋ የቆረጠብኝ ይመስለኛል።»

ወንድሜ፣ መልሱን ግማሹን ራስህ ጽፈኸዋል እኮ። ከበር ስትመለስ የምትሄደው ቤቲንግ ቤት ነው። ራስህን መውቀስህ ከቁማሩ የሚጠብቅህ መስሎሃል፣ እየገፋህ ያለው ግን ወደዚያው ነው።

እኛ የሥነ ልቦና ሙያ ውስጥ ጸጸትና እፍረት ይለያያሉ። ጸጸት «መጥፎ ሠራሁ» ይልና ወደ ማስተካከል ይወስዳል። እፍረት «እኔው ራሴ መጥፎ ነኝ» ይልና ያስደብቃል፤ የተደበቀ ሰው ደግሞ ስሜቱን ለአንድ ሰዓት እንኳ የሚያስረሳው ነገር ይፈልጋል፣ አንተ ጋ ያ ነገር ኪስህ ውስጥ ስልክህ ላይ አለ። ከ50 ብር እስከ ደመወዝ ያደረሰህም «አንዴ ተበላሽቻለሁ» የምትለዋ ሐሳብ ናት።

ደሞ ንጹሕ ካልሆንክ አትግባ ያለህ ማነው? ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ንስሐና ዝግጅት አለው፣ ታውቀዋለህ። ማስቀደስ ግን ሌላ ነው። ቀኖና ላይ ያለ ሰውም ቆሞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላል። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዷል። ይሁዳም ተጸጽቷል፣ 30ውን ብር እንኳ መልሷል። ጴጥሮስ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፤ ይሁዳ ብቻውን ሄደ። መሐላውን ለንስሐ አባትህ እንዳለ ንገራቸው። ቀኖናው የሳቸው ሥራ ነው፣ እኔ አልገባበትም።

የሚከብደው የባለቤትህ ነው። «እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል» ብለህ እሷን ማለፍ አይቻልም። የጠፋውን ብር በቁጥር ጻፈው፣ ልጁ ሲተኛ ቁጭ ብለህ ንገራት። ብትጮህም፣ እናቴ ቤት እሄዳለሁ ብትልም፣ እንደገና ምለህ ለማስቆም እንዳትሞክር፤ መሐላህን አንዴ ሰምታዋለች። ይልቅ የውርርዱን አፕ አጥፋ፣ ፈቃደኛ ከሆነች ደመወዝህን እሷ ትያዘው፣ ዕቁቡንም እሷ ትጣል። እንደገና ብትወድቅ በዚያው ቀን ንገራት፣ እሁድም ከማስቀደስ አትቅር።

እንቅልፍ ማጣቱን ቀላል አታድርገው። ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ምግብም ካስጠላህ፣ እዚያው ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ታይ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠር፣ ለአንድ ሰው ተናግረህ የዚያኑ ዕለት ሂድ። ጸበል የምትጠመቅ ከሆነ ተጠመቅ፣ መድኃኒት ከታዘዘልህ ግን እንዳታቋርጥ።