ኦሪጅናል ሥዕል ነው ወይስ ከመጽሐፍ የተነቀለ ህትመት?

ጥያቄ፦ የድሮ ተረት መጻሕፍት ሥዕሎችን እሰበስባለሁ። አንድ ሻጭ እንግሊዛዊው ሠዓሊ አርተር ራክሃም በ1909 እ.ኤ.አ. ለታተመው የግሪም ተረቶች መጽሐፍ የሠራው ኦሪጅናል የውሃ ቀለም ነው ያለኝን ሥዕል በፎቶ አሳይቶኛል። ወረቀቱ በላይኛው ጠርዝ ብቻ ቡናማ ካርቶን ላይ ተጣብቋል፤ ፊርማም አለው። በምን ልለየው? ብገዛውስ የጅማን ዝናብ እንዴት ይቋቋማል? (አንባቢ፣ ከጅማ)

መልስ፦ እንዳይከፍሉ። በዚያ ዘመን ባለቀለም ሥዕሎች ለብቻቸው በለስላሳ ወረቀት ይታተሙና ብዙ ጊዜ በላይኛው ጠርዝ ብቻ በወፍራም ገጽ ላይ ይለጠፉ ነበር። ነቅሎ መሸጥ ቀላል ነው፤ ያ መጽሐፍ ደግሞ 40 ባለቀለም ሥዕሎች አሉት። ፊርማውም ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሚታተም ማስረጃ አይሆንም።

ቁርጡን የሚነግርዎ ማጉያ ነው። ሰዓት ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። ፊት ወይም ሰማይ ላይ፣ ቀለሙ በሳሳበት ቦታ ያሳርፉት። ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች በሥርዓት ተደርድረው ከታዩ ህትመት ነው። ነጥቦቹ በጣም ደቃቅና የተበታተኑ ከሆኑ ደግሞ የዘመኑ ፕሪንተር ሥራ ነው፤ ወረቀቱ ሻካራ መሆኑ አያታልልዎ። በእጅ የተሠራው ነጥብ የለውም። ቀለሙ በወረቀቱ ጎድጓዳ ቦታዎች ይተኛል፣ የደረቀበት ጠርዝ ጠቆር ይላል፣ ከሥሩም የእርሳስ መስመር ሊታይ ይችላል። ህትመት ላይ በብሩሽ ቀለም የሚደርቡም ስላሉ ብሩሹ የሳታቸውን ጥጋጥጎች ይመርምሩ። ከሻጩ የሁለት ሳንቲሜትር ቦታ ቅርብ ፎቶ፣ የጀርባውን ፎቶ፣ እንዲሁም መብራት ከጎን እየበራበት የተነሳ ፎቶ ይጠይቁ። ካቅማማ ነገሩ አልቋል። እውነተኛው የራክሃም ሥራ በሺዎች በሚቆጠር ፓውንድ ስለሚሸጥ ርካሽ ዋጋም ራሱ መልስ ነው።

ስለ አያያዙ፦ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ወረቀት ይሻግታል፤ ጅማ ላይ ደግሞ ይህ የክረምት ብቻ ጣጣ አይደለም። እርጥበት መለኪያ ይግዙ። ሥዕሉ መስታወቱን መንካት የለበትም፤ ከነካ እርጥበት ሲያዝ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በመካከላቸው መስኮት የተቆረጠለት፣ አሲድ የሌለበት የጥጥ ካርቶን ያስገቡ። ፍሬም ሠሪዎች ከጀርባ የሚያደርጉት ኮምፖንሳቶ አሲዱ ወረቀቱን ቡናማ ስለሚያደርገው በቀጥታ እንዳይነካው። ፕላስተር ፈጽሞ አይለጥፉበት። ፍሬሙን ዝናብ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ላይ አይስቀሉ፤ ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍልም ያርቁት። ፀሐይም አይየው፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚነጣው ቀዩ ቀለም ነው።

ሻጋታ ካዩ በእርጥብ ጨርቅ አይጥረጉ፤ ቀለሙ አብሮ ይነሳል። ከሌሎቹ ሥዕሎች ለይተው አየር በሚገባበት ደረቅ ጥላ ያድርቁት። ሻጋታው ዱቄት ሲሆን አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት።